ሐሙስ ተመለሺ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ለአንድ የምርጫ ዕጩ የድጋፍ ፊርማ ፈረመ ተባለ። በሕይወት ሳለ «ለገዥው ፓርቲ አልፈርምም» ብሎ ከአስተማሪነቱ የተባረረ ሰው ነው። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼ አቤት ማለት ፈለግሁ።

በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ባለው የምርጫ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዕጩዎች ፋይል ውጤት ከተነገረ በኋላ ለዘጠና ቀን ለማንም ክፍት ነው። ከዚያ ይታሸጋል፤ አቤቱታም አይሰማም።

የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ማህረዝ ይባላል።

«ፋይሉ ከቱኒስ አልመጣም፣ እህቴ። ሐሙስ ተመለሺ።»

የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ሐሙስም አልመጣም።

«በግመል ነው እንዴ የሚያመጡት?»

«ግመል ይሻል ነበር። ግመል ማህተም አይጠይቅም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ።

በአራተኛው ሐሙስ እናቱ የሠራችውን ማቅሩድ የሚባል የተምር ጣፋጭ አቀረበልኝ። በስድስተኛው ስለ አባቴ ነገርኩት፤ እስክጨርስ ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። በዘጠነኛው ኩል ተኩዬ ሄድኩ። ራሴን ሰደብኩ፤ ኩሉን ግን አላጠብኩትም።

«ቀኑ እንዳያልፍብኝ» ስለው «እኔ እየቆጠርኩልሽ ነው» ይለኛል። አመንኩት።

በአሥራ አንደኛው ሐሙስ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቀኝ።

«ዘጠናውን ቀን ከመጨረሻው ውጤት ነበር የቆጠርኩት። መሥሪያ ቤቱ ለካ ከጊዜያዊው ውጤት ነው የሚቆጥረው። ትናንት አሽገው ወሰዱት።»

«ከየት ነው የወሰዱት? አልመጣም አላልክም?»

ከኋላው ወዳለው ቁም ሣጥን ዞሮ አየ። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ባዶ።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እዚሁ ነበር፣ ዱርሳፍ። ካየሽው አትመለሺም ብዬ ነው። ወላሂ፣ በመጨረሻው ቀን ልሰጥሽ ነበር።»

«ብትሰጠኝም እመለስ ነበር እኮ፣ አንተ ደደብ!»

የቁም ሣጥኑን በር ዘጋው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«እንድታጭሽልኝ እናቴን ወደ እናትሽ ልላካት?» አለኝ።

«ምን ብላ ትገባለች? ‹ልጄ የባልሽን ስም ቆልፎበት ነበር› ብላ?»

ልማድ ሆኖበት መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። አሥራ አንድ ፊርማዎቼ ተደርድረዋል፤ የኋለኞቹን አሳምሬ ነው የፈረምኳቸው። እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልፈርምም።»

በሩ ጋ ስደርስ እርምጃዬን አዘገየሁ። «ሐሙስ ተመለሺ» ቢለኝ እመለስ ነበር።

አላለኝም።