ሰማያዊው ማኅተም

«ኤርካሎ፣ ከክፍሉ አንደኛ!»

ቲቸር ሚልክያስ የባዮሎጂ ፈተናውን ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙት። ከዚያ አንዱ ከኋላ አፏጨ፣ ሌሎቹ አጨበጨቡ። ብሩክታይት ግን አላጨበጨበችም። የራሷን ወረቀት ገልብጣ ጀርባውን አየችው፤ የተሻለ ውጤት ከዚያ በኩል የሚጠብቃት ይመስል።

በባዮሎጂ ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው። ፈተና ሲደርስ ሃንድአውቱን በቢጫ ሃይላይተር ትቀባዋለች፤ ያልተቀባ መስመር ፈልጎ ማግኘት እስኪቸግር ድረስ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትሸመድዳለች። የጎረቤት ዶሮዎች እንኳ «ሜምብሬን» ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው።

ኤርካሎ ደግሞ ከቤሌ ከተማ መጥቶ አክስቱ ቤት እየኖረ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው። ከብሩክታይት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። አምና ባዮሎጂን ያለፈው በጭንቅ ነበር። ዘንድሮ ምን ተገኘ?

ያንገበገባት ደግሞ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ደም ሳንባ ደርሶ ኦክስጅን ከያዘ በኋላ በቀጥታ ወደ ሰውነት መሄድ ሲችል፣ ለምን እንደገና ወደ ልብ ይመለሳል? ይላል። ክፍሉ በሙሉ የሸመደደውን ትርጉም ገልብጦ ዜሮ አገኘ። ብሩክታይትም ጭምር። ምክንያቱን የጻፈው ኤርካሎ ብቻ ነው።

«እንዴት አወቅከው?» አለችው በዕረፍት ሰዓት።

«ዝም ብዬ… አሰብኩት።»

«አሰብኩት! እኛ ጭንቅላት የለንም ማለት ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም፣ ብሩኬ።»

«እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው? ኳስ ሜዳ የለህ፣ ላይብረሪ የለህ።»

ኤርካሎ ጫማውን ማየት ጀመረ። «ሥራ አለብኝ። ቤት።»

ንጹሕ ሰው ጫማውን ያያል እንዴ? ብሩክታይት ይህን ጥያቄ ይዛ ስትዞር ዋለችና ከሰዓት በኋላ፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ አንድ ነገር ትዝ አላት። ቲቸር ሚልክያስ የሚከራዩት ክፍል ያለው የኤርካሎ አክስት ግቢ ውስጥ ነው። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከአጎቷ ቤት በባጃጅ ስትመለስ በግቢው ክፍት በር በኩል ኤርካሎ ከቲቸሩ ክፍል ሲወጣ አይታዋለች። እጁ ላይ ወረቀት ነበር።

ይህን ለጓደኛዋ ለማኅሌት ሳትነግር ማደር አልቻለችም።

«ወረቀት ይዞ?» ማኅሌት ዓይኗ ፈጠጠ። «ምን ዓይነት ወረቀት?»

«የታጠፈ። ነጭ።»

«አቦ ፈተናው ነዋ! ምን ትፈልጊያለሽ? ማኅተም ነበረው?»

በትምህርት ቤታቸው ፈተና ከመባዛቱ በፊት ጥጉ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ይመታበታል። ብሩክታይት ትንሽ አሰበች። «መሰለኝ» አለች።

ለሁለተኛ ሰው ስታወራው «መሰለኝ» የሚለው ቃል ታመመ። ለሦስተኛው ስታወራ ሞተ። ዓርብ ዕለት ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደመስቀል ወሬው ጆሯቸው ገብቶ ሲያስጠሯት፣ ማኅተሙ ከነቀለሙ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ክብ፣ ሰማያዊ፣ በአንድ በኩል ትንሽ የተጨማለቀ።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ማኅተም ያለበት?»

«ጥጉ ላይ። እዚህ ጋ።» በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አሳየቻቸው።

አቶ ወልደመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰኞ ጠዋት ልጁም መምህሩም ባሉበት ትደግሚዋለሽ። እውነት ከሆነ የልጁ ውጤት ይሰረዛል። መምህሩም…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁት።

ብሩክታይት ከቢሮው ወጥታ ወደ ክፍሏ በሩጫ ሄደች። ፍርሃት እንዳትለው ምን ያስፈራታል? እውነት ነው የተናገረችው። ተጨማሪ ማስረጃ ብታገኝ ግን አይከፋም ብላ ቅዳሜን ጠበቀች።

የኤርካሎ አክስት የወይዘሮ አስካለች ግቢ ከተማው ወደ ዳሞታ ተራራ መውጣት በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ብሩክታይት ከባጃጁ ቀደም ብላ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ሄደች። የፊት ለፊቱ በር ዝግ ነበር። በጓሮው በኩል ዞረችና እንሰቱ መሃል ገብታ ቆመች። አንዱ የእንሰት ቅጠል ብቻ እንኳ እሷን ሙሉ በሙሉ ለመደበቅ ይበቃል፤ ከጫማዋ በቀር።

የኤርካሎ ድምፅ ተሰማት። ከእሱ ድምፅ ጋር የሴቶች ሳቅና «ፍቅ፣ ፍቅ» የሚል ድምፅ። አንገቷን አስግጋ አየች።

ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አዘንብለው ባቆሙት ሳንቃ ላይ እንሰት በቀርከሃ ይፍቃሉ። ኤርካሎ መሃላቸው ተቀምጧል። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይጠጋም። አባወራው እንኳ ዕቃ ቢፈልግ ከሩቅ ቆሞ ተጣርቶ ነው የሚወስደው። ይህ ግን እንደ ሙሽራ ሚዜ ዘና ብሎ፣ በእጁ የእንሰት ግንድ ልጣጭ ይዞ፣ በወላይትኛ ያወራል።

«እና ደሙ ኩላሊት ውስጥ ሲገባ» ይላል፣ «ቆሻሻው ይጣራል። ብዙ ውኃም አብሮት ይወጣል። ግን አብዛኛው ውኃ ተመልሶ ደሙ ውስጥ ይገባል።»

«አይሲ?» አሉ ወይዘሮ አስካለች ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። ለምን? ማለታቸው ነው።

«ውኃው ሁሉ ከወጣ እንደርቃለና!»

«እሱ ገባኝ። መጀመሪያ ለምን አስወጣው? ዝም ብሎ ቆሻሻውን ብቻ አያወጣም?»

ኤርካሎ ልጣጩን ገለበጠው።

«ይሄን አላውቀውም» አለ። «የማውቀው መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ተማሪው ተያዘ!» ብላ አንዷ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተንጫጩ። ኤርካሎም አብሯቸው ሳቀ። ብሩክታይት ጥርጣሬዋ ባሰባት። አለማወቁን ያወቀ ሰው እንዴት ይስቃል? ገንዘብ ወድቆ ያገኘ ነው የሚመስለው። አውቆ ለመደበቂያ የሚያደርገው ነገር ቢሆንስ?

«እዩት እዩት» አለች ያችው የጮኸችው ሴት፣ «የአስካለች እንሰት ጫማ አበቀለ!»

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። ብሩክታይት ቀሚሷን እያራገፈች ወጣች። ኤርካሎ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ብሩኬ፣ በእናትሽ ለማንም እንዳትናገሪ!»

ያዝኩህ አለች በልቧ። «ምኑን?»

«እዚህ ቁጭ ማለቴን ነዋ! የክፍሉ ልጆች ከሰሙ አለቀልኝ። እስክንመረቅ ድረስ ሙድ ነው የሚይዙብኝ።»

«ና ግባ፣ አንተ! ምን ቆመህ ታያለህ?» አሏት ወይዘሮ አስካለች በአማርኛ። የወይዘሮ አስካለች አማርኛ ሴትና ወንድ ለመለየት አይቸኩልም። «አንተም ተማሪ ነህ? ቁጭ በል፣ አስተምረን። የኛው ዛሬ አልቆበታል።»

ብሩክታይት ርዕሱ የምታውቀው እስከሆነ ድረስ እምቢ አትልም። ቁጭ አለችና ስለ ደም ዝውውር በእንግሊዝኛ ጀመረች። አንዲት ቃል ሳትስት፣ በረንዳው ላይ እንደምትለው፣ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ሴቶቹ መፋቁን ትተው በአክብሮት አዳመጧት። ከውጭ የመጣ ሰባኪ የቆመላቸው ይመስል ነበር።

«ጎበዝ!» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «አሁን በኛ ቋንቋ በለው።»

ወላይትኛ አፏን የፈታችበት ነው። ምን ይቸግራታል? «ደም… ሁለት ጊዜ ይዞራል» አለች። «ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሰውነት።»

«አይሲ? ሳንባ ከደረሰ በኋላ ለምን ይመለሳል?»

ጭንቅላቷ ውስጥ ፈለገችው። ቢጫው መስመር ወለል ብሎ ታያት፤ በስተቀኝ ካለው ገጽ፣ ከልቡ ሥዕል ዝቅ ብሎ። የት እንደተጻፈ በደንብ ታውቃለች። ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ፈተናው ላይ ዜሮ ያገኘችበት ጥያቄ ነው። ቤት ሄዳ ያንኑ ገጽ ደጋግማ አንብባ፣ አሁንስ አውቄዋለሁ ብላ ነበር። ሰው ቢጠይቃት ምላ ትናገር ነበር።

«እኔም እዚሁ ጋ ነው የቆምኩት» አለ ኤርካሎ ቀስ ብሎ። «አክስቴ ስትጠይቀኝ አቃተኝ። ቲቸር ጋ ሄድኩና ሥዕል ሥለው አሳዩኝ።»

«በወረቀት?»

«አዎ።» ሮጦ ገብቶ አመጣላት። በቀይ እስክሪብቶ የተሣለ ልብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ያሉበት ሳንባ። «እነዚህ ቱቦዎች በጣም ቀጫጭን ናቸው። ደሙ እነሱን አልፎ ሲወጣ ጉልበቱ ያልቅበታል። ልብ እንደገና ካልገፋው እግር ድረስ አይደርስም።»

ብሩክታይት ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ሰማያዊ ነገር የለበትም። ግን እኮ ያን ቀን የያዘው ሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል። አይችልም?

ወደ ቤቷ ባጃጅ አልያዘችም። ቁልቁል እየወረደች ያን ምሽት መልሳ ለማየት ሞከረች። ኤርካሎ ከቲቸሩ ክፍል ይወጣል። የለበሰው ምን ነበር? አታውቅም። ወረቀቱን በየትኛው እጁ ነው የያዘው? አታውቅም። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነበር? ይህንንም አታውቅም። ማኅተሙ ግን ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ በአንድ በኩል ተጨማልቋል።

መንገድ ዳር ቆመች። በዚያ ጨለምለም ባለ ሰዓት፣ ከሚሮጥ ባጃጅ ውስጥ፣ ሸሚዙን ያላየች ልጅ የታጠፈ ወረቀት ላይ ያለ የቀለም ጭምልቅታ እንዴት አየች?

ማኅተሙን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ከአቶ ወልደመስቀል ቢሮ በፊት ነበረ። ለሦስተኛው ሰው ስታወራም ነበረ። ማኅሌት «ማኅተም ነበረው?» ከማለቷ በፊትስ? እዚያ ስትደርስ የምታገኘው አንድ ልጅ፣ አንድ በርና አንድ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ደጋግማ ፈለገች። ከሁሉ የከፋው፣ ማኅተሙ አሁንም አለመደብዘዙ ነው። ልክ እንደ ቢጫው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጠራጠረችው ሰውን ነበር። የገዛ ጭንቅላቷ ይዋሻል ብላ አስባ አታውቅም። ሰው ቢዋሽ ፊቱን አይተህ ትጠረጥራለህ፤ የራስን ጭንቅላት በምን ያዩታል?

ሰኞ ጠዋት ማኅሌት በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እንዳትፈሪ እሺ? ፍርጥ አድርጊው።»

«ማኅተሙን አላየሁትም፣ ማኂ።»

«ምን?» ማኅሌት ዙሪያዋን አየች። «አብደሻል? አየሁ ብለሽ የለ! አሁን አላየሁም ብትዪ እሱን ሳይሆን አንቺን ነው የሚቀጡት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ውሸታም ነው የሚልሽ። ደግሞ ሰርቆ ቢሆንስ?»

«ቢሆን እንጃ።»

«ፋራ አትሁኚ፣ ብሩኬ! ዝም ብለሽ የበፊቱን ድገሚ።»

ቢሮው ውስጥ ቲቸር ሚልክያስ እጃቸውን አጣምረው ግድግዳው ጋ ቆመዋል። ኤርካሎ ጫማውን ያያል። አቶ ወልደመስቀል ለብሩክታይት አንገታቸውን ነቀነቁላት።

«በይ፣ ዓርብ የነገርሽኝን።»

«ማኅተሙን አላየሁም» አለች።

ኤርካሎ ቀና አለ።

«እንዴት?» አቶ ወልደመስቀል ድምፃቸው ከፍ አለ። «ቦታውን በጣትሽ አላሳየሽኝም? ማነው ያስፈራራሽ? እሱ ነው?»

«ማንም አላስፈራራኝም።»

«ታዲያ ልጁ አልሰረቀም ነው የምትዪው?»

አዎ ብትል ይገላግላት ነበር። ኤርካሎም ያመሰግናት ነበር። ግን ያን ቀን የቲቸሩ ክፍል ውስጥ ገብታ አላየች።

«እሱንም አላውቅም» አለች። «ያየሁት ከቲቸር ክፍል ሲወጣ ነው። እጁ ላይ ወረቀት ነበር። ወረቀት ይመስለኛል። መሽቶ ነበር፤ ባጃጁም እየሮጠ ነበር።»

«ማኅተሙስ? ሰማያዊ ያልሽው?»

«እሱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው» አለች ብሩክታይት። «ሰው ሲጠይቀኝ።»

ውጭ የደወሉ ድምፅ ተሰማ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አቶ ወልደመስቀል በእግራቸው ወንበር ገፋ አደረጉላት።

«ቁጭ በይ» አሉ። «እንደገና ከመጀመሪያው። ያየሽውን ብቻ።»

ብሩክታይት ቁጭ አለች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ በእውነት ያየችው መሆኑን ሳታጣራ ግን አላወጣችውም።