አበልጅ የበየደው ሳልባትዮ

መርሃዊት ቀጭኑን ብረት በአዲሱ የናፍታ ሳልባትዮ አፍ ሰደደችው። ታች እስኪነካ ለቃ መልሳ ስታወጣው ብረቱ እስከ አንገቱ ርሷል። ሙሉ ነው። ቀና ስትል ዘርአይ ከኋላዋ ቆሞ ያያታል።

«እኔንም በብረት ትለኪኛለሽ፣ አበልጄ?»

«አንተን አይደለም፤ ናፍታውን ነው።»

«የበየድኩት እኔ። ማደያ ተሰልፌ፣ በጀሪካን እያመላለስኩ የሞላሁት እኔ። እኔና ናፍታው ምን ለየን?» ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን አፈረች። ዘርአይ ልጇን ሚልዮንን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። ባሏ ተስፋለም ሲሞት ዘመድ ሁሉ «ይህን ክሬን ሽጪው፤ ሴት ብልሽት መኪና ስትጎትት የት ታይቷል?» ሲላት፣ መሪ ያስያዛት፣ የመጎተቻውን ካቦ መጠቅለል ያስተማራት፣ ኦሎምፒያ መስቀለኛው ላይ ከወንዶቹ ክሬኖች ተርታ ያቆማት እሱ ነው። የካዛንቺሱ ጋራዥ ከፈረሰበት ወዲህ ብየዳውን የሚሠራውም ከላንቻ ጀርባ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በሚጋሩት ግቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይለካል? ብረቱን በጨርቅ ጠረገችና ከመቀመጫው ሥር ወረወረችው።

ጊዜም አልነበራትም። ሚልዮን ጨው ሊጭን ባዶ አይሱዙ ይዞ ወደ አፍዴራ ሲሄድ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ጠበቀው። በበረሃው ዞሬ ልለፍ ብሎ ሲሞክር የመኪናው የፊት እግር ድንጋይ ላይ ተሰበረ። በመጨረሻ ሲደውል ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። «እማ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ ጥቁሩን ኮረብታ አልፌያለሁ። ውሃ አለኝ፤ ብዙ አይደለም እንጂ። ከመኪናው አልርቅም።» ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

በመንገዱ ያሉት ማደያዎች ናፍታ የላቸውም እየተባለ ነው። ዘርአይ በቅርቡ ከክሬኑ ሻንሲ ጎን የጨመረው ሁለተኛ ሳልባትዮ ለዚህ ቀን የተሠራ መሰላት። በዋናው ይሄዳሉ፤ በተጨማሪው ልጇን ጎትተው ይመለሳሉ። ሂሳቡ ይኸው ነበር።

የዘርአይ ሚስት ፍዮሪ የግቢውን በር ከፈተችላቸው። ክሬኑ ጭስ ተፍቶ ወጣ፣ የላንቻን ሚኒባሶች በጡሩምባው ገለል አደረገ፣ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ ተንደረደረ።

አዳማን አለፉ። የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ አለፉ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊታቸውን ገረፋቸው። ዘርአይ በየኬላው እጁን አውጥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ፈታሾቹም የክሬኑን መንጠቆ አይተው ያሳልፏቸዋል።

«አየሽ? አስከሬን የጫነና ብልሽት የሚጎትት መኪና ኬላ ላይ አይጉላላም። ማን ዘይት ውስጥ እጁን ይከታል?»

«አፍህን ክፉ አይልከፈው። አስከሬን አትጥራብኝ።»

«ማለቴ፣ ለጨዋታ ነው እኮ። ልጁ አንበሳ ነው፤ ያሳደግነው እኛ አይደለን?»

ገዋኔ አደሩ። በማግስቱ ሰርዶን አልፈው ከአስፋልቱ ሲወጡ ሰማዩ ቡና መሰለ። መጀመሪያ ትንሽ አቧራ መጣ፤ ከዚያ ነፋሱ አሸዋውን እንደ ግድግዳ አቁሞ ገፋባቸው። መርሃዊት የመንገዱን ዳር ቀርቶ የራሷን ሞተር ክዳን ማየት ተሳናት። መስኮቱን ዘጋች፤ አሸዋው በበሩ ስንጥቅ እየፉጨ ገባ። መኪናው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወርዶ ጎማዎቹ ሰመጡ።

«አትርገጪው! ይቀበራል» አለ ዘርአይ።

«ከቆምኩም ይቀበራል።»

ከባዱን ማርሽ አስገባች። ሞተሩ አጓራ፣ ጎማው አሸዋ ተፋ፣ መኪናው ስንዝር ሄዶ ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሁለቱም አፋቸውን በሻሽ አስረው ወረዱ። አካፋው ከእጅ እጅ ተቀባበለ። ቆፈሩ፣ ድንጋይ ነቅለው ከጎማው ሥር ወተፉ፣ መሪ ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ቆፈሩ። በመጨረሻ ክሬኑ እየተንቀጠቀጠ ደረቱን ከወንዙ ሲያወጣ ነፋሱም ደከመ። የዋናው ሳልባትዮ መርፌ ግን ከቀዩ መስመር ላይ ተኝቷል። ወንዙ የመንገዱን ናፍታ በልቶባቸዋል።

«ምን ቸገረን፣ ተጨማሪው አለ» አለችና መፍቻ ይዛ የሁለተኛውን መክፈቻ ልትከፍት በጀርባዋ ከመኪናው ሥር ገባች።

ጥላውን የፈለገችው እሷ ብቻ አልነበረችም። እጇን ወደ መክፈቻው ስትዘረጋ የአሸዋ ቀለም ያለው ነገር ከሳልባትዮው ሥር ተጠቅልሎ አየች። እፉኝት ነው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ስቦ እንደ ጎማ ተነፈሰ። መርሃዊት እስትንፋሷን ያዘች። ላቧ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እዚህ ከተነደፈች ልጇ ጋ የሚደርስ የለም፤ እሱን ብቻ አሰበች። ሲወረወርባት በመፍቻው መታች፤ ሳተችውና የሳልባትዮውን ጀርባ አገኘችው። ደንግ! ደግማ መታች፤ የሳልባትዮው ፊት ላይ አረፈ። ዱብ። እባቡ በክርኗ አጠገብ ሾልኮ ወደ ድንጋዮቹ ሄደ።

«ነከሰሽ? አበልጄ፣ ነከሰሽ ወይ?» ዘርአይ ተንበርክኮ ይጮሃል።

አልነከሳትም። ግን አልወጣችም። ፊቱን አንኳኳች፤ ዱብ፣ የሞላ ነገር ድምፅ። ጀርባውን አንኳኳች፤ ደንግ፣ የባዶ በርሜል ድምፅ። መሐሉ ላይ እጇን ስትሰድ ጣቷ የብየዳ መስመር ነካ። ከኋለኛው ግማሽ በታች ደግሞ በብሎን የታሰረ ትንሽ ክዳን አለ። ግቢ ውስጥ የሰደደችው ብረት የነገራት የሳልባትዮውን ጥልቀት ብቻ ነው፤ ርዝመቱን አልነገራትም። ግድግዳ ተበይዶበታል። የያዘው ናፍታ ግማሹን ብቻ ነው።

መክፈቻውን ከፈተችና ተሳባ ወጣች። «ዘርአይ፣ ከኋላ ያለው ምንድን ነው?» በስሙ ብቻ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ማጠናከሪያ ነው።»

«ማጠናከሪያ ክዳን አለው?»

ዘርአይ ኮረብታውን አየ፣ ጫማውን አየ። «ለአንድ ጉዞ ብቻ ነበር። የሚጫነው የኮንትሮባንድ ሞባይል ነው፤ መሣሪያ አይደለም፣ ማንንም አይገድልም። በዚህ እንደምንመጣ ነግሬያቸው ባለዕቃዎቹ ከጥቁሩ ኮረብታ ሥር ይጠብቁናል፣ መመለሻ ናፍታም ይዘዋል። በቃ፣ እንጭናለን፣ ናፍታ እንሞላለን፣ ልጃችንን ጎትተን…»

«ልጃችን አትበል።»

«የእሱ መሰበር የእኔ ሥራ አይደለም፣ መርሃዊት። በእግዚአብሔር።»

«አይደለም። እኔ ልጄን በውሃ ልደርስለት ስሮጥ ግን አንተ ለዕቃህ ቦታ አዘጋጅተህ አጠገቤ ተቀመጥክ። እነሱ ባይመጡስ? ናፍታው ባይኖራቸውስ? ሦስታችንም እዚሁ እንቀራለን።»

«ይመጣሉ» አለ ዘርአይ ቀስ ብሎ። «ቃል ሰጥተውኛል።»

መርሃዊት ጋቢናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ዘርአይ ሮጦ በሌላው በር ገባ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ድንጋይና ጉድጓድ ለማሳየት ብቻ ነው፤ «ቀኝ»፣ «ያዢ»፣ «ቀስ»። የሃያ ዓመት ጎረቤትነት በጋቢናው ውስጥ እንደ ሞተ ነገር ተጋድሞ አብሯቸው ተጓዘ። ስንት ጊዜ ቤቷን ክፍት ትታለት ሄዳለች? ስንት ጊዜ «ከወንድም ይበልጥብኛል» ብላለች? የሚያቃጥላት የናፍታው መጉደል ሳይሆን፣ ብረቱን ስታወጣ ያፈረችው እሷ መሆኗ ነበር።

ከጥቁሩ ኮረብታ ሥር ነጭ ፒካፕ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ራሱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ክላሹን በትከሻው ላይ አጋድሞ ይዟል።

«ዘገያችሁ» አለ ባለፎጣው። «አበልጅ የምትባለው አንቺ ነሽ? ስምሽን በዝና እናውቀዋለን። ሴት ክሬን ነጂ፣ ኬላው ሁሉ ያዝንልሻል አሉ።»

«መንገዱን ልቀቁልኝ። ልጄ ከፊት ነው።»

«እናውቃለን። ጫኚና ሂጂ። ናፍታሽ ይኸው።» በእግሩ በርሜሉን ገፋ። በርሜሉ ሙሉ ነበር፤ ድምፁ ይናገራል።

መርሃዊት በርሜሉን አየችው። ለአፍታ ያህል ልቧ ወደዚያ ሄደ። ሚልዮን ይጠብቃል፤ ማን ያያል? ከዚያ ግን ኬላውን አሰበች። ክሬኑ ቢፈተሽ ከኋላ በካቦ ታስሮ የሚጎተተው መኪና የልጇ ነው፤ አብሮ የሚታሰረውም ልጇ ነው።

«አልጭንም።»

ባለፎጣው ወደ ዘርአይ ዞረ። «ይህንን አልነገርከንም።»

«አሳምናታለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፤ አበልጄ ናት እኮ…»

«ሳልባትዮውን ያሠራነው እኛ ነን» አለ ባለፎጣው። «ሳትጭኚበት ንቅንቅ አትዪም።» ክላሹን አወረደና ከፊት ጎማዋ አጠገብ መሬቱን መታው። ድንጋይ ተፈናጠረ፤ ጥይቱ በኮረብታው ላይ አስተጋባ።

መርሃዊት ከጋቢናው ወረደች። «ጎማውን ከመታህ ሳልባትዮህም እዚሁ ይቀራል። የእናንተ ከሆነ ውሰዱት። ናፍታው ግን የእኔ ነው።» ከጋቢናው ቱቦ አውጥታ ወደ ተጨማሪው ሳልባትዮ ሰደደችና ሌላውን ጫፍ በአፏ ሳበች። መራራው ናፍታ ምላሷን አቃጠላት። ተፋችውና ቱቦውን ወደ ዋናው ሳልባትዮ አዞረችው። ናፍታው እስኪወርድ ክላሹ ጀርባዋ ላይ እንደተደገነ ነበር። ዞራ አላየችም።

ሲያልቅ መፍቻውን ለዘርአይ አቀበለችው። «ያሰርከው አንተ ነህ። ፍታው።»

ዘርአይ ሁለቱን ሰዎች አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገባ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሳልባትዮው ወርዶ መሬት ሲመታ ባለፎጣው ሳቀ፤ ሳቁ ደስታ የለውም። «እንግዲህ አንተ ተሸከመው» አለው ዘርአይን። ኬላው ሁሉ የሚያውቃትን ሴት መግደል እንደማያዋጣው አስቦ ይሆናል፣ ፒካፑን ግን ገለል አደረገ።

መርሃዊት ጋቢናው ላይ ወጥታ ሁለቱንም በሮች ቆለፈች። ዘርአይ መርገጫው ላይ ቆሞ መስኮቱን መታ።

«አበልጄ፣ ክፈቺ።»

«እነሱ መኪናም ውሃም አላቸው። ልጄ ግን የለውም።»

«እነሱ አይመልሱኝም።»

«ቃል ሰጥተውሃል አላልክም?»

ማርሹን አስገባች። ዘርአይ ከመርገጫው ወረደ። በመስታወቱ ውስጥ ከሳልባትዮው አጠገብ ቆሞ ሲያንስ፣ ሲያንስ አየችው፤ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ዓይኗን አላነሳችም። ያኔ አለቀሰች፤ ፍጥነቷን ግን አልቀነሰችም።

ፀሐይ ከአናት ስታልፍ አይሱዙውን አየችው፤ አንድ እግሩ ታጥፎ በአፍንጫው መሬቱን ነክቷል። ሚልዮን ከሥሩ ጥላው ውስጥ ተኝቷል። ጠራችው፤ አልተነሳም። እንደገና ጠራችው፤ እጁ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብላ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ነካካች፣ ከዚያ በጠርሙስ ክዳን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ በጉንጭ። ቀምቶ ሊጠጣ ሲል ከለከለችው።

«እማ… ናፍታ ናፍታ ትሸቻለሽ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አንተ ደግሞ ምን ምን እንደምትሸት አልነግርህም።»

አመሻሽ ላይ መቀመጥ ቻለ። የአይሱዙው እግር ተሰበረ እንጂ ሆዱ አልጎደለም፤ ሊጭን ሲሄድ የሞላው ናፍታ አብዛኛው እንዳለ ነው። በዚያው ቱቦ ወደ ክሬኑ ገለበጡት። መንጠቆውን አሰረች፣ ካቦውን ሳበች፣ የአይሱዙው አፍንጫ እየጮኸ ከመሬት ተነሳ።

«የክርስትና አባቴስ?» አለ ሚልዮን ጋቢና ውስጥ። «እሱ ሳይኖር አትመጪም ብዬ ነበር።»

ሁሉንም ነገረችው፤ ያፈረችበትንም ሳትደብቅ። ሚልዮን አልተቆጣም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በሌላ መንገድ ዞረው አስፋልቱ ላይ ወጡ። የዘርአይ ነገር አንዱ እውነት ነበር፤ በየኬላው ፈታሾቹ የሚጎተተውን መኪና እያዩ በእጃቸው አሳለፏቸው፣ አንዱ እንዲያውም «አይዞሽ እናቴ» አላት። ቢጭኑ ኖሮ ያልፍ ነበር። ይህም ራሱ አመማት።

ኦሎምፒያን ዞረው ላንቻ ሲደርሱ የግቢው በር ተከፈተ። ፍዮሪ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ ክሬኑ ሮጠች። ሚልዮን ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ የእናቱን ትከሻ ይዞ ከጋቢናው እየወረደ ነበር። አላየችውም። ባሏ የተቀመጠበትን ቦታም አላየችም። ጎንበስ ብላ ከሻንሲው ጎን፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ባዶ የቀሩበትን ቦታ ተመለከተች።

«ሳልባትዮው የት ሄደ?» አለች።

መርሃዊት ልጇን በክንዷ እንደደገፈች ፍዮሪም ታውቅ እንደነበር ገባት። ስንት ዓመት ነው በዚህ ግቢ አንድ ምጣድ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ሐዘን የተካፈሉት?

«ባልሽ በሕይወት አለ፤ ጓደኞቹ ጋ ትቼው መጣሁ» አለቻት። «ሚልዮንም ደህና ነው። ባትጠይቂኝም ነገርኩሽ።»

ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።