አሥራ አራተኛው ግስ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ መምህር ወንዳፍራሽ ባሮ መሐል ካለው የአሸዋ ደሴት ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሲገኙ ጋምቤላ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ጊዜው የካቲት 1961 ዓ.ም. ነው፤ ሐሙስ ጠዋት። ከኋላቸው በመቅዘፊያ ተመትተዋል። ያገኟቸው ዓሣ አጥማጆች እንኳ ኮፍያቸውን ለማውለቅ አልቸኮሉም፤ መምህሩ ሁሉንም በየተራ ሰድበዋቸው ነበርና።

መምህሩ አሥራ ሰባት ዓመት በጭነት መርከብ ሠርተው፣ የሜክሲኮን ወደቦች አዳርሰው፣ የስፓኒሽ ቋንቋና መራራ ምላስ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣላቸው። ሜክሲኮ ሄዶ የጥጥ እርሻ ለሚማር አንድ ወጣት ቦታ ተገኝቷል፤ ቋንቋውን አስተምረው የተሻለውን ይምረጡ ይላል። ቦታው አንድ፣ ተማሪዎቹ ሦስት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ሰላምታ እንኳ ተነፋፈጉ።

የመቶ አለቃ ሙሄ ከጎሬ በጭነት መኪና ተንገላቶ ቅዳሜ ሲደርስ፣ የጣቢያው አሥር አለቃ በፈገግታ ተቀበለው።

«ነገሩ አልቋል ጌታዬ። ሐሙስ የኦጅዋክ ተራ ነው፤ ታንኳዋም የእሱ ናት። ሰኞ ወደ ጎሬ ወህኒ ይዘውት መሄድ ብቻ ነው የቀረዎት።»

«ካለቀ እኔን ምን አቧራ አስቃማችሁኝ?» አለ ሙሄ። «እስረኛውን አምጣ።»

ኦጅዋክ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነው፤ የባሮ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዓይኑን የማይሰብር።

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ቤት። ወባ ያዘኝ።»

«ማን አየህ?»

«ግድግዳ አየኝ።»

«መምህሩን ትጠላቸው ነበር?»

«በጣም። ሁልጊዜ ‹ይህን ጦይባ ጨርሳለች፤ አንተ ደንቆሮ› ይላል። ግን አልገደልኩም። ሰኞ ጎሬ ከወሰድከኝ በቃ፤ አልመለስም። አውቃለሁ።»

ሙሄም ያውቅ ነበር። ጎሬ ወህኒ ገብቶ ፋይሉ አቧራ የጠጣ ስንቱን አይቷል። በልቡ ተናደደ፤ ንዴቱን ግን ለማንም አላሳየም።

ጦይባን ከስፌት መኪናዋ ላይ አገኛት። ወላጆቿ የወሎ ነጋዴዎች ቢሆኑም እሷ የተወለደችው እዚሁ ባሮ ዳር ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ትምህርቱ እንዴት ነበር?»

«ትምህርት ነው የሚሉት? አንድ በአንድ ነው ወደ ደሴቱ የሚወስዱን። ተረኛው ይቀዝፋል፤ ኦጅዋክ ሐሙስ፣ እኔ ዓርብ፣ ሳኒ ረቡዕ። ወረቀት አያስነኩም። በሳምንት አንድ አስቸጋሪ ግስ በዱላ አሸዋው ላይ ይጽፋሉ። በቃላችን ስንይዘው በእግራቸው ያጠፉታል።»

«ምኑ ነው አስቸጋሪው?»

«መሐሉ ይለወጣል። ፖዴር መቻል ነው። ‹እችላለሁ› ለማለት ግን ፕዌዶ ይሆናል። ‹እንችላለን› ሲባል ተመልሶ ፖዴሞስ። ‹እኔ ሲል ይሰበራል፣ እኛ ሲል ይድናል› እያሉ ጉልበቴን በዱላ ይመቱኝ ነበር። ደግሞ ‹ይህን ሳኒ ጨርሶታል› ይሉኛል።» መቀሱን ጨርቁ ላይ ወረወረችው። «ብሞት አላለቅስላቸውም።»

ሳኒ ከደሴ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በአጎቱ በሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ይሠራል። ሙሄ ሲገባ የጨው ከረጢቶችን ከወለሉ አንስቶ በእንጨት ላይ ይደረድር ነበር።

«ጎበዝ ነህ» አለው ሙሄ።

«ዕቃ እርጥበት ከነካው አበቃለት፣ ጌታዬ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ብቻዬን።»

«መምህሩ እንዴት ይዘውህ ነበር?»

የሳኒ ፊት ጠቆረ። «አህያ ይሉኝ ነበር። ‹ኦጅዋክና ጦይባ የጨረሱትን አንተ ገና ትንተባተባለህ› ይሉኛል። እነሱ እኮ…» ብሎ ሌላ ከረጢት አነሳ።

ሙሄ ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ። የኦጅዋክ ትንሽ ታንኳ ከውሃው ርቃ ደረቁ ዳርቻ ላይ ተጎትታ ተቀምጣለች። በወገቧ ላይ አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል፤ ጣቱን አስገብቶ ለካው።

«ማን ነው እዚህ ያወጣት?»

«ሐሙስ ጠዋት እንደዚሁ ነው ያገኘናት» አለ አሥር አለቃው። «ዘበኛ አቁሜባታለሁ፤ ማንም አልነካትም።»

አጠገባቸው አቻን የምትባል ባልቴት ልብስ ታጥባለች። ሙሄ ጠየቃት።

«እናቴ፣ በበጋ ታንኳ የሚቀመጠው እንዲህ ነው?»

አቻን ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀችበት። «አንተ ደገኛ ነህ? ፀሐይ ይበላዋል! በበጋ ውሃ እንሞላበታለን፣ ወንዝ ዳር እናሰምጠዋለን። ያን ጊዜ እንጨት አይሰነጠቅም። ልጅ እንኳ ያውቃል።»

ሙሄ አመስግኗት ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። ከትራሳቸው ሥር የኪስ ደብተር አገኘ። አሥራ ሦስት ግሶች ከነቀናቸው ተጽፈው በቀይ እርሳስ ተሰርዘዋል። አሥራ አራተኛው አልተሰረዘም። ሙሄ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበና ደብተሩን ኪሱ ከተተ።

እሑድ ጠዋት ሦስቱንም፣ ሐጂ ኢድሪስንና አሥር አለቃውን ባሮ ዳር አሸዋው ላይ ሰበሰበ። ኦጅዋክ በካቴና ነው። ጦይባ ጀርባዋን ለሁለቱም ሰጥታለች።

«መምህሩ ሞቱ፤ ቦታው ግን ባዶ አይቀርም» አለ ሙሄ። «ጀርባ ለጀርባ ቁሙና የተማራችሁትን ግስ ሁሉ ጻፉ። በብዛትና በትክክል የጻፈውን ስም ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ።»

የኦጅዋክን እጅ ፈታለት። ሦስቱም ዱላ ይዘው ተንበረከኩ። ሲጽፉ የሚሰማው የአሸዋ ድምፅና የሐጂ ኢድሪስ መቁጠሪያ ብቻ ነበር። ሲያበቁ ሙሄ እየተራመደ፣ ከደብተሩ ጋር እያመሳከረ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ኦጅዋክ አሥራ ሦስት። ጦይባ አሥራ ሦስት። ሳኒ አሥራ አራት፤ አንዲት ስህተት የለበትም። ሳኒ የሌሎቹን ቁጥር ሲሰማ በሞተው ሰው ላይ እንደ ተበቀለ ሁሉ ፈገግ አለ።

«መጨረሻ ላይ የጻፍከው ምን ማለት ነው?»

«ፔርዴር። መሸነፍ። ‹እሸነፋለሁ› ሲሆን ፒዬርዶ።»

«መቼ ተማርከው?»

«ረቡዕ… በተራዬ።»

«ውሸት» አለ ሙሄ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አዲስ ግስ የሚጀመረው ሐሙስ፣ በኦጅዋክ ተራ ነው። ዓርብ ለጦይባ፣ ረቡዕ ላንተ ይደርሳል። ይኸው ደብተራቸው፤ ‹ሐሙስ፣ አሥራ አራተኛ፣ ፔርዴር›። እስከ ረቡዕ ማታ ማንም አያውቀውም። ሐሙስ ጠዋት ደሴቱ ላይ ከቆመው ሰው በቀር።»

«መምህሩ እነሱ ጨርሰውታል ብለውኛል!» ብሎ ሳኒ ጮኸ።

«ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ለኦጅዋክ ጦይባ፣ ለጦይባ አንተ፣ ላንተ ሁለቱ። ብትነጋገሩ ኖሮ ውሸታቸው አንድ ቀን አያድርም ነበር። እናንተ ግን ሰላምታ ትነፋፈጋላችሁ።» ወደ ታንኳዋ ዞረ። «ኦጅዋክ ታንኳውን ለፀሐይ አይሰጥም። ጦይባም የወንዝ ልጅ ናት። ወጥታ እንድትደርቅ ያደረጋት ዕቃን ከእርጥበት መጠበቅ የለመደ እጅ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል።»

ሐጂ ኢድሪስ መቁጠሪያቸውን ጣሉ። «አንተ ልጅ… በአላህ!»

ሳኒ ለማንም ሳይሆን ለአሸዋው ተናገረ። «ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ኦጅዋክ ሳይመጣ ሲቀር በእሱ ታንኳ እኔ ቀዘፍኩ። አስተማሩኝ። ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። ‹ኦጅዋክ ባንዴ የያዘውን! ሂድ ጨው መዝን› ብለው ዞሩ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

ሙሄ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ አነበበ። «‹ሳኒ ከሁለቱም ይበልጣል። የምልከው እሱን ነው። እንዳይዘናጋ ግን እስኪሳፈር አልነግረውም።›»

ኦጅዋክ ታንኳዋን ወደ ውሃው ይጎትት ጀመር፤ ከበደችው። ጦይባ ቆማ አየችውና፣ ምንም ሳትለው በሌላው ጫፍ ገፋችለት።

«ያሳዩኝ» አለ ሳኒ፣ አሥር አለቃው ካቴናውን እያስገባለት። ሙሄ ደብተሩን ዓይኑ ሥር ያዘለት። ሳኒ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ካቴና ወደ ገባበት እጁ ሳያይ፣ መምህሩ ያደርጉት እንደ ነበረው፣ አሥራ አራተኛውን ግስ በእግሩ አጠፋው።