ቁራዋ እስክትሄድ

የተገናኘነው በጸደይ ነው። እኔ ምድር ቤት ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ፎቅ ላይ ሰዓት መጠገኛ የከፈተ አዲስ ተከራይ ነበር። በሕንጻችን መግቢያ ካለው ዛፍ ላይ ቁራ ጫጩቶች ፈልፍላ፣ በሥሯ ያለፈውን ሁሉ አናቱን ትነቁር ነበር።

አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ፣ ሰውዬው ቦርሳውን እያወናጨፈ ይሮጣል።

«አይሩጡ!» ብዬ ጮህኩ። «እጅዎን አያወናጭፉ፣ ይብስባታል! ዓይንዎን ከልለው ቀስ ብለው ወደዚህ ይምጡ!»

ምን ይሰማል! ዘሎ ሱቄ ሲገባ ቬሎ የለበሰችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አቅፎ ወደቀ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ሙሽራዋ ባል አላት!» አለች ሱቁ ውስጥ አብራኝ የምትውለው እናቴ እየሳቀች።

የደማውን ግንባሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩለት።

«ምን አድርጌያት ነው?» አለኝ ግራ ገብቶት።

«ምንም። እናት ናት፤ ልጆቿን የሚነኩባት መስሏት ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ በእኔ ሱቅ አድርገው በጓሮ በር ወደ ደረጃው ይለፉ። ግድ ከሆነብዎት ጃንጥላ ይዘርጉ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ መንገዱ በእኔ በኩል ሆነ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ፣ ኋላ ቆም ብሎ ጨዋታ... አንድ ቀን ሳላስበው «አንተ» አልኩት። ደነገጥኩ።

«ተይው፣ ደስ ይላል» አለኝ።

ጫጩቶቹ በረሩ። እሱም ቀረ! በፊት ለፊት በር ሲገባ እጁን ያነሳልኛል፣ ያልፋል። ለካ የፈለገው መንገዱን ነበር ብዬ ከፋኝ፤ ስሰፋ ክሩን ደጋግሜ በጠስኩ።

«የተጣላሽው ከክሩ ነው ከሰውየው?» አለችኝ እናቴ።

«እሱ ነው የቀረው!»

«አንቺስ ና ብለሽዋል?»

መቀሴን አስቀምጬ ደረጃውን ወጣሁ። አንዲት የእጅ ሰዓት ላይ አጎንብሷል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ለምን ቀረህ?»

«ቁራዋ ሄደች... ከእንግዲህ ምን ምክንያት አለኝ? እስከ ዛሬም አዝነሽልኝ ያሳለፍሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔን ልታይ ና!»

ካመለጠኝ በኋላ ፊቴ ጋለ። እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ስንቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ መሰለሽ!»

አመሻሹ ላይ ሸሚዙን ቀይሮ መጣ። እናቴ ፊት ቆሞ ተንተባተበ።

«እማማ... ልጅዎን...»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷ ደረጃ ወጥታ ጨርሳዋለች!»

ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ ፊት መሆኑን ረስቶ እጄን ያዘኝ፤ እኔም አልነጠቅኩትም። በዚያው ዓመት ተጋባን።