ሦስተኛው መከፋፈያ

ቀዳማዊ የተገኘው ኮልፌ ባለችው ወርክሾፑ ውስጥ፣ ሊያስረክበው በነበረ፣ ከሞተር ሳይክል ኋላ በሚጫን የመድኃኒት ማመላለሻ ሳጥን ሥር ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቷል።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሳያት ስትደርስ፣ የሟቹ ታላቅ እኅት ፅጌ አብሮት የሚሠራውን ሙሐዲንን አንቃ ይዛዋለች።

«ቀዳማዊን በልተህ እዚህ ትቆማለህ?»

«እትዬ ፅጌ፣ ወላሂ—»

«እትዬ አትበለኝ!»

«ምን ትጠብቃላችሁ? ካቴና አስገቡለት እንጂ» አለ ታናሽ ወንድማቸው ኤልያብ።

«ይህችን ቤት አፍርሼ ፎቅ ካልሠራሁ ብለህ ስትጨቀጭቀው የከረምከው አንተ!» አለ ሙሐዲን።

ሳያት ጩኸት አትወድም። ሰው ሲጮህ እሷ ዕቃ ታያለች። ሳጥኑን ከፈተች። የመድኃኒት ጠርሙሶች እንዳይጋጩ ከኮምፖንሳቶና ከስፖንጅ የተሠሩ ሦስት መከፋፈያዎች ቆመውበታል።

«መጨረሻ ያየው ማን ነው?»

«እኔ» አለ ኤልያብ። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሄድ ሦስተኛው ገና አልተለጠፈም። ‹ይቺን ለጥፌ እዘጋለሁ› አለኝ። እስከ አሥራ ሁለት ቸርች ነበርኩ፤ መቶ ሰው ይመሰክራል። ይሄ ሙሐዲን አሥራ አንድ ላይ ‹ሞቶ አገኘሁት› ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው ተለጥፏል። እንግዲህ ፍረዱ።»

«እኔ ስፖንጅ ልገዛ መርካቶ ነበርኩ» አለ ሙሐዲን።

«ማን አየህ?» አለ ከሳያት ጋር የመጣው ፖሊስ።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ» አለች ሳያት። «በማስቲሽ ሙጫ እንዴት ነው የሚለጠፈው?»

ኤልያብ ሳቀ። «ትቀቢያለሽ፣ ትለጥፊያለሽ። ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም።»

ፅጌ ገላመጠችው። «ሁለቱም ፊት ይቀባና እጅ እስከማይዝ ይጠበቃል። ከዚያ ነው የሚገጠመው። ሳጥኖቹን ጨርቅ የማለብሰው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«እውነቷን ነው» አለ ሙሐዲን። «አንዴ ቸኩዬ በርጥቡ ብለጥፈው ቀዳማዊ ነቅሎ ወረወረብኝ።»

ሳያት ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው ጠራች። የመጀመሪያውን መከፋፈያ ሳበች፤ አልነቃነቅ አለ። ሁለተኛውን ስትስብ ሳጥኑ አብሮ ተነሣ። ሦስተኛው ግን በሁለት ጣቷ ተላጠ።

«አንድ ፊት ብቻ ተቀብቶ በርጥቡ ነው የተጫነው። ቀዳማዊ እንዲህ አይሠራም። ስለዚህ ሲለጠፍ ሞቷል። እትዬ ፅጌና ሙሐዲንም ሥራውን ያውቃሉ።»

«ሙሐዲን ሆን ብሎ ቢያበላሸውስ?» አለ ኤልያብ።

«ለምን? ቀዳማዊ ከዘጠኝ በኋላ በሕይወት እንደነበር የሚያሳየው ይህ መከፋፈያ ብቻ ነው። ሙሐዲንን ያሳስረዋል፣ አንተን ነፃ ያወጣሃል። ከጠርዙ በፈሰሰው ማስቲሽ ላይ ደግሞ አውራ ጣት ታትሟል። እስቲ እጅህን።»

ኤልያብ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ገነፈለ። «ቤቱ የእኔም ድርሻ ነው! ስንት ጊዜ ለመንኩት!»

ፅጌ ካቴናው ሲቆለፍ ድምፁን ሰማች እንጂ ቀና ብላ አላየችም። ከዚያ የሙሐዲንን እጅ ፈለገች።

«ሙሐዲን፣ ወንድሜ፣ ይቅር—»

ሙሐዲን እጁን ሰበሰበና ፖሊሶች ወደሚገፉት ኤልያብ በአገጩ አመለከታት።

«ወንድምዎ ያውልዎት።»