ስምንት ጀሪካን ውሃ

ዳባ ኳሷን ሊመታ ሲል ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ኳሷ ጠረጴዛውን ስታ ከቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ጋር ተላተመች። አራተኛ ስህተቱ ነበር። ከተመልካቾቹ አንዱ «ጓዱን ብርድ ይዞታል እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ወንድይፍራው ግን አልሳቀም። ጓደኛው ዳባ በደህናው ቀን ኳሷን የዝንብ ክንፍ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ ነው። ዛሬ ምን እንደነካው የሚያውቀው ወንድይፍራው ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጠዋት የሰፈሩ ውሃ መቅጃ ቦኖው ጋ ነው። ቀበሌዎቹ ለሚገናኙበት የከፍተኛው የፒንግ ፖንግ ውድድር ከቀበሌው የሚያልፈው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ወንድይፍራው ደግሞ ዳባን አንድ ቀንም አሸንፎት አያውቅም። እሱ ራሱ ውሃ ቀድቶ ትምህርት ቤት በገባ ቁጥር ግን ክንዱ ዝሎ እርሳሱ ከመስመር እየወጣ ያስቸግረዋል። ይህን አስቦ ዳባ ላይ ቀደዳውን ለቀቀው። የሳንሱሲ ሰፈሩ ሻምፒዮን ከግጥሚያ በፊት ውሃ ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ፣ ክንዱ ከመጋሉ የተነሳ ራኬቱ እንደሚጨስ፣ አንዴማ መረቡን እንዳቃጠለው አወራለት። ዳባ የመረቡን ተጠራጠረ፤ ሌላውን አመነ። ሁለት ሁለት እያደረገ የእነወንድይፍራውን ውሃ ስምንት ጀሪካን አመላለሰ። የወንድይፍራው እናት ወይዘሮ ጤናዬ በርሜላቸው ሞልቶ ሲያዩ መረቁት።

ጨዋታው አለቀ። አሠልጣኙ ጓድ አየለ የወንድይፍራውን እጅ ከፍ አድርጎ ጎማው ያልተላጠውን ብቸኛ ራኬት አስረከበው።

ዳባ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ያጥፋል። ወንድይፍራው ቢሰድበኝ ብሎ ተመኘ።

«ስምንት አነሰ መሰለኝ» አለ ዳባ ክንዱን እያሸ። «አሥር መሙላት ነበረብኝ። አንተማ ነግረኸኝ ነበር።»

የወንድይፍራው ጆሮ ጋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምራቁን ሳይውጥ አንድ ነገር ይፈለስፍ ነበር። አሁን ግን ራኬቱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ነገም ቦኖው ጋ ልምጣ?» አለ ዳባ። «ለከርሞ ክንዴን ካሁኑ ላጠንክረው።»

ወንድይፍራው ራኬቱን አውጥቶ ዳባ ጭን ላይ አስቀመጠው። ዳባ ሲያነሳው ጣቶቹ ገና ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ተነስ፣ ጓድ አየለ ጋ እንመለስ» አለው ወንድይፍራው። «ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ሳንሱሲው ሻምፒዮን የምነግርህ አለ።»

ዳባ አዲስ ወሬ የመጣ መስሎት ፈገግ እያለ ተነሳ።