አምስተኛዋ ፒን

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ፣ ስለ ጂንና ስለ ቆሌ ሲወራ «እስቲ ይምጣና ይህን የዛገ ቡሎን ይፍታልኝ» እያልኩ የማፌዝ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። ሚስቴ «አንተ እኮ እግዜርንም ፈተህ ካላየኸው አታምንም» ትለኛለች። ይህን የምላችሁ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ወሬ ይወዳል» እንዳትሉኝ ነው።

በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ከተዋጊ አውሮፕላኖቹ ጋር ድሬዳዋ ነበርኩ። የኔ አውሮፕላን አብራሪ መቶ አለቃ ሰይድ ይባላል፣ እሱ የመካነ ሰላም ልጅ፣ እኔ የደጎሎ፣ ሁለታችንም ወሎዬ፣ ስለዚህ በመካከላችን ማዕረግ የሚኖረው ሰው ሲያየን ብቻ ነበር። አውሮፕላናችን ጉልበቷ ሲቀነስ ቀጭን ፉጨት ታሰማለች፣ ሦስት ወር ሙሉ ፈትቼ ገጥሜ ያላጠፋሁት ፉጨት፣ ሰይድ በስሜ «የታዴ ዋሽንት» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አሁን አንዲት የሥራ ነገር ላስረዳችሁ። አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም መሣሪያው በስህተት እንዳይተኩስ፣ የአብራሪው መቀመጫም በስህተት እንዳይስፈነጠር በፒን ይቆለፋል፣ ፒን ስላችሁ ጣት የምታህል ብረት ናት፣ ጫፏ ላይ ቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለባት። ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ አምስቱንም ነቅሎ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ አብራሪው ቆጥሮ አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ፒኖቹ እስኪመለስ ድረስ መካኒኩ ጋ ይቆያሉ፣ ሲመለስ መልሶ ይሰካቸዋል። አምስተኛዋ የመቀመጫው ናት፣ እሷ ካልተነቀለች አብራሪው ቢመታ በጃንጥላ መውጣት አይችልም።

ያን ቀን የተነሱት በጥድፊያ ነበር። በእጄ የጨበጥኳቸውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ ሳቀ፣ አውራ ጣቱን አነሳ፣ ሄደ። ሁለት ሄደው አንዱ ተመለሰ። የተመለሰው «ደመና ውስጥ አብረን ገባን፣ ስወጣ ሰይድ የለም» አለ፣ ጭስ ያየ የለም፣ ስብርባሪ የተገኘ የለም። ወደ ማምሻው ቦርሳዬን ስከፍት ፒኖቹ አራት ናቸው። መንደርደሪያውን በጉልበቴ እየዳሁ ፈለግሁ፣ አምስተኛዋ የለችም። መሬት ላይ ጥያት ይሁን መቀመጫው ላይ ረስቻት አላውቅም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲያ የጠገብኩት እንቅልፍ አልነበረም።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የሰይድ ታላቅ ወንድም ሸህ ሐሰን፣ መካነ ሰላም አጠገብ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ማለቴ ነው፣ ሰው ናቸው፣ ደብዳቤ ላኩልኝ። «እናታችን ጠፋ እንጂ ሞተ አላሉኝም ብላ የሙቱን ሰደቃ ከለከለችን፣ አላለቀሰችም፣ እኛም አላለቀስንም፣ እንባዋ ውስጧ ታፍኖ ሊገድላት ነው፣ መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህና መጥተህ ቁርጡን ንገርልን» ይላል። ቁርጡን! እኔስ ቁርጡን መች አወቅሁት። ብቻ ሄድኩ፣ ከደሴ በጭነት መኪና፣ አቀስታ ላይ በብርድ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ አድሬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ።

እናቱ እማማ ዘሀራ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝና «አብሽር ልጄ፣ የሰይድ ጠረን አለብህ» አሉኝ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ያለቀስኩት እኔው ነኝ፣ እሳቸው ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሻይ ቀርቦልን ተቀምጠን ሳለ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር፣ መኪና ያለፈ መሰለኝ፣ ኋላ ሳስበው ግን የመኪና መንገዱ ከዚያ ቤት የግማሽ ሰዓት እግር መንገድ ይርቃል። እማማ ዘሀራ ልጅ እንደሚያባብል ሰው መዳፋቸውን ትሪው ላይ አሳረፉና «ነገ ጁምዓ ነው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የነገሩኝ ሸህ ሐሰን ናቸው። ከጦርነቱ በፊት፣ አንድ ጁምዓ፣ ሰይድ ልምምድ ላይ ሳለ ከመንገዱ ወጥቶ በቤታቸው አናት ላይ ዝቅ ብሎ አልፏል፣ (ይህንንማ አውቃለሁ፣ ነዳጁ ጎድሎ ሲመለስ የዋሸሁለት እኔ ነኛ!) ለእረፍት ሲመጣም እናቱን «እማዬ፣ ከላይ ሲያዩት ቤቱ ሁሉ አንድ ነው፣ ነጭ ነገር አንጥፊልኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር የሱን ነጭ ጋቢ አውድማው ላይ ያነጥፋሉ፣ ከጠፋ በኋላም አልተዉትም።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከጥቂት እርምጃ ወዲያ አያሳይም። እማማ ዘሀራ ጋቢውን አነጠፉ፣ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ አስያዙ፣ እኔ ከአውድማው ዳር ቆሜያለሁ፣ ይህን ያዙልኝ፣ ጋቢው አጠገብ አልደረስኩም። ጨርሰው ወደ እኔ ሲመጡ ካሁን በኋላ አልችልም አልኩና አራቱን ፒኖች አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሰይድን የገደልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ እማማ» አልኩ።

አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሯቸው። «አምስተኛዋስ?»

«እሷን ነው የማላውቀው።»

ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ የኮቴን ቁልፍ ቆለፉልኝ፣ ብርድ እንዳይመታኝ መሆኑ ነው። «የአላህን ሥራ አንተ ለምን ትሸከማለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ሽታው መጣ፣ የነዳጅ ሽታ። ከቤት የኩራዝ ላምባ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ፉጨቷ ተሰማኝ። ወገኖቼ፣ እናት የልጇን ሳል ትለያለች፣ እኔም ያቺን ፉጨት እለያለሁ። በዚያ ጉም የሚበር እብድ የለም፣ ያቺ አውሮፕላን ደግሞ የለችም፣ ግን ከዓባይ በኩል መጣች፣ ዝቅ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በአናታችን ላይ አለፈች። ዶሮዎቹ መጫራቸውን አላቆሙም፣ ውሻው ተኝቷል። ሸህ ሐሰን አጠገባችን ከቤቱ ደጃፍ ለሶላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉ ነበር፣ ሁለታችን ቀና ማለታችንን አይተው «ምን ሰማችሁ?» አሉ። እሳቸው ምንም አልሰሙም። የእማማ ዘሀራን ፊት ሳይ ያ ስንት ዓመት የታፈነ እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ጉሙ ሲገፈፍ ጋቢው መሃል ላይ ቀይ ነገር አየን። እማማ ዘሀራ ጫማቸውን አውልቀው ሄደው አነሷት፣ መዳፌ ላይም አስቀመጧት። በምስማር የጫርኩት የራሴ ጽሕፈት፣ የተጣመመች አምስት ቁጥር አለባት። እንደዚያ በሚቆረጥም ብርድ ውስጥ ብረቷ ሞቃለች፣ ሰው ጨብጦ እንዳቆያት ሳንቲም።

ከኮቴ ገበር ውስጥ ወድቃ ይሆናል ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን አጠገቡ አልደረስኩም አልኳችሁ እኮ።

«ተነቅላ ነበር ማለት ነው?» ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲያማ ልጄ መውጣት ይችል ነበር!»

ሸህ ሐሰን ዓይኔን በልመና ሲያዩኝ አሁንም ይታየኛል፣ ቁርጡን እንድናገር ነበር የጠሩኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። እማማ ዘሀራ ዞረው «ሐሰን፣ ሰደቃውን ተወው» አሏቸው፣ ከዚያ አምስቱንም ፒኖች እጄ ውስጥ ጨምረው ጣቶቼን አጠፉልኝና «ያዝልኝ፣ ሲመለስ የምትሰካው አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

ስመለስ ያ ሁሉ ኮረኮንች እያነጠረኝ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን ተኛሁ። የሚያስጨንቀኝ በኋላ ነው የመጣው፣ ለእኔ እረፍት የሰጠችኝ ፒን ለእናቲቱ መጠበቅን ጨመረችባቸው፣ ከወጣስ ደግሞ የት ነው ያለው? እሳቸው እንደጠበቁ ሁለት ክረምት ቆይተው አረፉ። ሸህ ሐሰን ጋቢውን በሰው እጅ ላኩልኝ፣ «ፒኖቹ ያሉት እሱ ጋ ነው፣ እሱ ያንጥፍ ብላለች» የምትል ብጣሽ ወረቀት ነበረችበት።

እና ያ የማያምነው ሰውዬ፣ በየዓርቡ፣ ደብረ ዘይት ግቢዬ ውስጥ ጋቢ አነጥፋለሁ። ጎረቤቶቼ ልብስ የማሰጣ ይመስላቸዋል፣ ሚስቴም ታውቃለችና አትቀልድብኝም። ሳነሳው ሁልጊዜ መሃሉን በእጄ ዳበስ አደርጋለሁ። ባለፈው ዓርብ መሃሉ ሞቆ ነበር፣ ፀሐዩ ነው አልኩና አጣጥፌ ወደ ቤት ገባሁ፣ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር።